የማይታየውን መቍጠር፤ ስለ ቱና ዓሣ ሊቃውንትና ስለ ፓሲፊክ ደሴቶች የተሰጠ ንግግር



እረኛ ማታ መንጋውን ወደ በረት ሲያስገባ በበሩ ቆሞ አንድ፣ ሁለት እያለ ይቈጥራል፤ አንዲት በግ ብትጐድል ወዲያው ያውቃል። ገበሬም እህሉን ጐተራ ካገባ በኋላ ምን ያህል እንዳለው፣ እስከሚቀጥለው መከር ያደርሰው እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ለዘር የሚያስቀምጠው ስንት እንደሆነ አይጠፋውም። ነገር ግን መንጋው ለዓይን የማይታይ፣ በረት የሌለው፣ ቀንና ሌሊት ከአንዱ አገር ባሕር ወደ ሌላው አገር ባሕር የሚሻገር ቢሆን፣ ቈጠራው በምን ብልሃት ይፈጸማል? «ከዚህ መንጋ ይህን ያህል እረዱ፤ ይህን ያህል ደግሞ ለዘር ተዉ» ብሎ የሚመክር ሰውስ በምን ይታመናል? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው። ይኸውም በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ተበትነው ለሚገኙት ትንንሽ የደሴት አገሮች ስለ ቱና ዓሣ ብዛት ምክር የሚሰጡት ሊቃውንት የሚሠሩት ሥራ ነው።

ይህ ነገር በምሥራቅ አፍሪካ ለሚያስተምር መምህር ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኪሪባቲ በምትባለው የደሴት አገር በቅርብ ዓመታት ከመንግሥቱ ገቢ ከግማሽ በላይ የሆነው የተገኘው ለውጭ መርከቦች ከሚሸጠው የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ነው። እንግዲህ በዚያ አገር የመምህሩ ደመወዝ፣ የተማሪው መጽሐፍና የትምህርት ቤቱ ጣራ በዓሣ ቈጠራ ላይ ተመሥርቶ ይኖራል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ቈጠራ ምንም እንኳ ዛሬ በታላላቅ ኮምፒዩተሮች ቢከናወን፣ ሥሩ በየክፍሉ ጥቍር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው የንጽጽር ሒሳብ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።

በመጀመሪያ ስለ አገሮቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኪሪባቲ 33 ደሴቶች ያሏት ስትሆን የብሷ ስፋት በጠቅላላው 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በ1982 በተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ግን ማናቸውም የባሕር ዳርቻ ያለው አገር ከዳርቻው እስከ 200 የባሕር ማይል፣ ማለት እስከ 370 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ባለው ውሃ ውስጥ በሚገኘው ሀብት ላይ መብት አለው። ደሴቶቿ እጅግ ተራርቀው የሚገኙ ስለሆነ፣ በዚህ ሕግ የኪሪባቲ የባሕር ግዛት ወደ 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። መሬቷ ግን ብዙው የዛጐል ድንጋይና አሸዋ ስለሆነ እህል አያበቅልም።

ጐረቤቷ ናውሩ ደግሞ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ደሴት ናት። ናውሩ ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ፎስፌት የሚባለው ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን ሲቈፈርባት ኖረ። ማዕድኑ በአብዛኛው ባለቀ ጊዜ የደሴቲቱ መካከል ሹል ሹል ድንጋይ ብቻ የቆመበት ምድረ በዳ ሆኖ ቀረ። ማዕድን በተቈፈረ ቍጥር ያልቃል፤ የተወሰደውም አይተካም። ዓሣ ግን ወላድ ሀብት ነው። ለዘር የሚበቃው እስከ ተተወለት ድረስ የተወሰደውን ይተካል። ስለዚህ ለእነዚህ አገሮች ታላቁ ጥያቄ «ለዘር የሚበቃው ስንት ነው?» የሚለው ሆነ። ይህንንም ጥያቄ የሚመልስላቸው የዓሣ ሀብት ሊቅ ነው።

ቱና ሲባል በፓሲፊክ ዋናዎቹ አራት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ስኪፕጃክ የሚባለው ትንሹና በቍጥር የሚበልጠው ነው፤ ዕድሜው አጭር ሲሆን በአንድ ዓመት ገደማ ለመውለድ ይደርሳል። በየሱቁ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ቱና አብዛኛው የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ባለ ቢጫ ክንፍ፣ ሦስተኛው ባለ ትልቅ ዓይን፣ አራተኛው አልባኮር ይባላሉ። ባለ ትልቅ ዓይኑ ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖር፣ ለመውለድም ዘግየት ብሎ የሚደርስ ስለሆነ በቀላሉ የሚጎዳ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው ፓሲፊክ ከእነዚህ ከአራቱ ዓይነቶች በቅርብ ጊዜያት በየዓመቱ ከ2.5 ሚሊዮን ቶን በላይ ይጠመዳል። ይህም በዓለም ሁሉ ከሚጠመደው ቱና ከእኩሌታው ይበልጣል።

የሚያጠምዱት መርከቦች ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የታይዋን፣ የቻይናና የአሜሪካ መርከቦች ይገኙባቸዋል። አንዳንዶቹ የዓሣውን መንጋ በታላቅ መረብ ከብበው የመረቡን ሥር እንደ ከረጢት አፍ ይሸበሽቡታል። ሌሎቹ በሺህ የሚቈጠሩ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበትን ረጅም ገመድ በባሕሩ ውስጥ ይዘረጋሉ። በአንድ ወገን ታላላቅ መንግሥታትና ባለጸጋ ኩባንያዎች፣ በሌላው ወገን ሕዝባቸው ከአንድ ከተማ ሕዝብ የማይበልጥ ደሴቶች በድርድር ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በባሕሩ ውስጥ ያለውን የዓሣ ብዛት የሚያውቀው ባለ መርከቡ ብቻ የሆነ እንደሆነ፣ ባለ ባሕሩ የተሰጠውን ዋጋ ተቀብሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። የሊቁ ሥራ ይህን ሚዛን ማስተካከል ነው።

እነሆ፣ ቈጠራው እንዴት እንደሚደረግ በምሳሌ እንመልከት። መምህር አንድ ድስት ሙሉ ባቄላ ይዞ ወደ ክፍል ይግባ። ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከውስጡ 100 ፍሬ አውጥቶ በቀለም ምልክት ያድርግባቸውና ወደ ድስቱ ይመልሳቸው፤ በደንብም ያማስል። ከዚያ በኋላ አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ 50 ፍሬ ይዝገን። ከ50ው ውስጥ 5ቱ ምልክት ያለባቸው ሆነው ቢገኙ፣ ምልክት ያለበት ከአሥር አንዱ ነው ማለት ነው። እንግዲያስ ምልክት የተደረገባቸው 100 ፍሬዎች የጠቅላላው አንድ አሥረኛ ስለሆኑ በድስቱ ውስጥ ያለው ባቄላ ወደ 1,000 ይጠጋል። ሁለተኛው ተማሪ ሲዘግን ምልክት ያለባቸው 4 ቢሆኑ ግምቱ 1,250 ይሆናል፤ ሦስተኛው 6 ቢያገኝ ከ850 ዝቅ ይላል። ባቄላው ግን አልጨመረም፣ አልጐደለምም። ተማሪዎቹ በዚህ ሁለት ነገር ይማራሉ። ያልተቈጠረውን በንጽጽር ማወቅ እንደሚቻል፣ እንዲህ የተገኘውም ዕውቀት ከነ ወሰኑ መነገር እንዳለበት ይረዳሉ።

የፓሲፊክ ሊቃውንት ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ1947 የተቋቋመውና ዛሬ የፓሲፊክ ማኅበረሰብ እየተባለ የሚጠራው ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤቱ በኒው ካሌዶንያ በኑሜያ ከተማ ይገኛል። ይህ ድርጅት ከ1977 እስከ 1981 ሮበርት ካርኒ በተባለው ሊቅ መሪነት ስኪፕጃክን የሚመረምር ታላቅ ጉዞ አሰናዳ። ሊቃውንቱ በመርከብ ከደሴት ወደ ደሴት እየዞሩ ወደ 140,000 የሚሆኑ ዓሦችን በመንጠቆ እየያዙ፣ ቍጥር የተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ምልክት በጀርባቸው ላይ እየሰኩ ወደ ባሕሩ መለሷቸው። ምልክት ያለበት ዓሣ ያገኘ ማንኛውም አጥማጅ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ምልክቱን ቢመልስ ሽልማት ይሰጠው ነበር። ከዚህም የተገኘው ውጤት የስኪፕጃክ ብዛት በዚያን ጊዜ ይጠመድ ከነበረው እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አስረዳ። የደሴቶቹ መንግሥታት ከነጻነታቸው ማግስት በእጃቸው ያለው ሀብት ምን ያህል እንደሆነ በቍጥር ያወቁት በዚህ ነው። ተመሳሳይ ምርመራዎች ከ1989 ጀምሮና እንደገና ከ2006 ጀምሮ ተደርገዋል።

ይሁን እንጂ ባሕር ድስት አይደለም። ምልክት የተደረገበት ዓሣ ሊሞት፣ ምልክቱ ሊወልቅ፣ ያገኘውም ሰው ሳይናገር ሊጥለው ይችላል። ዓሣውም እንደ ተማሰለ ባቄላ በሁሉም ቦታ እኩል አይበተንም። ስለዚህ ሊቁ በአንድ ምስክር ብቻ አይፈርድም፤ ብዙ ምስክሮችን ይሰበስባል። የመርከቡ አዛዥ በየቀኑ የሚመዘግበው መዝገብ አንዱ ምስክር ነው። በየወደቡ ተቀምጠው ከመርከብ የወረደውን ዓሣ ከአፉ እስከ ጅራቱ እየለኩ የሚጽፉ ሠራተኞች አሉ፤ እነርሱ የጻፉት ልክ ሌላው ምስክር ነው። ሦስተኛው በመርከቡ ላይ ተሳፍሮ የሚሄደው ታዛቢ ነው።

ስለ ታዛቢው ጥቂት መነገር ይገባዋል። ታዛቢዎቹ አብዛኞቹ የደሴቶቹ ልጆች ናቸው። ተምረውና ተፈትነው በውጭ አገር መርከብ ላይ ለሳምንታት ብቻቸውን ይሳፈራሉ፤ የወጣውን ዓሣ ይመዝናሉ፤ የተጣለውንና የተደበቀውን ሳይፈሩ ይጽፋሉ። ከ2010 ወዲህ በሞቃታማው የፓሲፊክ ክፍል በከረጢት መረብ የሚያጠምድ መርከብ ሁሉ ታዛቢ እንዲይዝ ተወሰነ። በረጅም ገመድ ለሚያጠምዱት ግን የተቈረጠው ግብ ከመቶ 5 ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የሊቁ ዓይን እጅግ የጠበበ ነው። ሥራው አደጋ ያለበት ነው፤ በ2020 ከኪሪባቲ የሄደ አንድ ታዛቢ በሥራው ላይ ሳለ በመርከብ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። በኑሜያ በሠንጠረዥ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ቍጥር እንዲህ ካለ ሰው እጅ የመጣ ነው።

ሊቁ እነዚህን ምስክሮች ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጦ ይመረምራል። ዴቪድ ፎርኒየር፣ ጆን ሐምፕተንና ጆን ሲበርት በ1998 ባሳተሙት የስሌት ዘዴ ዓሣው ስንት እንደሚወልድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ፣ በተፈጥሮ ስንቱ እንደሚሞት፣ በመረብ ስንቱ እንደሚወሰድ፣ ከየትኛው ባሕር ወደ የትኛው እንደሚሄድ በአንድነት ይሰላል። ውጤቱም የሚነገረው በቀላል ንጽጽር ነው፤ «ማጥመድ የሚባል ነገር ከቶ ባይኖር ኖሮ ይገኙ ከነበሩት ወላድ ዓሦች ዛሬ ከመቶ ስንቱ ቀርተዋል?» የባሕሩ አገሮችና አጥማጅ አገሮች በአንድነት የሚቀመጡበት የምዕራብና የመካከለኛው ፓሲፊክ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ከመቶ 20 ዝቅ ማለት አይገባም ብሎ ወሰን አድርጓል። ኮሚሽኑ በ2000 በተፈረመ ስምምነት ተመሥርቶ ስምምነቱ በ2004 የጸና ሲሆን 26 አባላት አሉት።

ምስክሮችን የማያመሳክር ሊቅ ምን ያህል ጥፋት ሊያደርስ እንደሚችል ከሌላ ባሕር የተገኘ ትምህርት አለ። በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ ኮድ የሚባለው ዓሣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠመድ ኖሮ በ1992 መንግሥት በድንገት ማጥመድን ከለከለ፤ ወደ 30,000 የሚሆኑ ሰዎችም ሥራ አጡ። ከምክንያቶቹ አንዱ የመርከቦቹ ገቢ ብዙ ሳይቀንስ መቈየቱ ነበር። ዓሣው እያለቀ ሲሄድ የቀረው በጥቂት ቦታዎች ተሰበሰበ፤ መርከቦቹም ወደዚያው እየሄዱ መረባቸውን መሙላት አላቋረጡም። መረቡ መሙላቱን ብቻ ያየ ሰው ባሕሩም ሙሉ ነው ብሎ አሰበ። ጐተራው ሊያልቅ ሲልም የመጨረሻው ቁና ሙሉ ሆኖ እንደሚወጣ የሚያውቅ ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

የሊቁ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው ባለ ትልቅ ዓይን በሚባለው ቱና ነገር ነው። መርከቦች በባሕር ላይ ተንሳፋፊ መደብ ይጥላሉ፤ ዓሣ ከሚንሳፈፍ ነገር ሥር መሰብሰብ ልማዱ ስለሆነ በዚያ የተሰበሰበውን በመረብ ይከቡታል። ከስኪፕጃኩ ጋር የባለ ትልቅ ዓይኑ ግልገሎችም አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት በተንሳፋፊ መደብ ማጥመድ ተከለከለ። በ2014 የወጣው ምርመራ ከባለ ትልቅ ዓይኑ ወላዶች ከመቶ 16 ብቻ ቀርተዋል አለ፤ ይህም ከተወሰነው ከ20 በታች ነው። በዚህም የተነሣ ብርቱ ክርክር ሆነ። ክልከላው ቢጨምር ገቢያቸው የሚነካባቸው የደሴት አገሮች ነበሩ፤ ክልከላውን ቢተዉ ደግሞ ዓሣው የሚጠፋባቸው እነርሱው ናቸው።

ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ ወደ መሠረቱ ተመለሱ። በዓሣ ራስ ውስጥ ትንሽ የጆሮ ድንጋይ አለች። ይህች ድንጋይ ተሰንጥቃ በማጉያ መነጽር ስትታይ እንደ ዛፍ ግንድ የዕድሜ ክቦች አሏት። የብዙ ዓሦች የጆሮ ድንጋይ ተሰብስቦ በተቈጠረ ጊዜ፣ ባለ ትልቅ ዓይኑ ቀድሞ እንደ ታሰበው እስከዚያ ድረስ ግዙፍ የሚሆን ዓሣ አለመሆኑ ታወቀ። የዚህ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። እጅግ ግዙፍ ዓሣ በመረብና በመንጠቆ አለመገኘቱ ቀድሞ «ግዙፎቹ ተጠምደው አልቀዋል» የሚል ትርጉም ተሰጥቶት ነበር። ዓሣው በተፈጥሮው ያን ያህል የማያድግ ከሆነ ግን አለመገኘቱ የእልቂት ምልክት አይሆንም። በ2017 የወጣው አዲስ ምርመራ ይህንን ዕድገትና ሌሎች ማሻሻያዎችን ጨምሮ ሲሰላ የዓሣው ብዛት ከወሰኑ በላይ ሆኖ ተገኘ።

«ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። በዚህ ጊዜ ዘንዶው ከሁለት ወገን ወጣ። አንዳንዶቹ ሊቃውንቱን «ትናንት አለቀ አላችሁን፤ ዛሬ አለ ትላላችሁ፤ እንግዲህ ማን ያምናችኋል?» አሏቸው። ሌሎቹ ደግሞ «እንግዲያስ ወሰኑ ይነሣና እንደ ልብ ይጠመድ» አሉ። የሊቃውንቱ ጉባኤ ለሁለቱም የሰጠው መልስ ለመምህር ትምህርት የሚሆን ነው። የቀድሞውን ቍጥር በምን ምክንያት እንደ ተዉት፣ አዲሱ በምን ላይ እንደ ተመሠረተ በግልጽ ጻፉ፤ ግምቱ በስንትና በስንት መካከል ሊሆን እንደሚችልም አስታወቁ። ደስ የሚል ዜና ይዘው ሳሉም ለጥንቃቄ ሲባል በባለ ትልቅ ዓይኑ ላይ የሚደረገው ማጥመድ ከነበረበት እንዳይጨምር መከሩ። አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ቃልን መለወጥ የዕውቀት ሕግ ነው። ማስረጃ ሳይለወጥ ቃሉን የሚለውጥ ሊቅ ግን አንድ ጊዜ ከታወቀበት ከዚያ በኋላ እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚሰማው አያገኝም።

ለዚህም ነው አማካሪው ፈራጅ ሊሆን የማይገባው። የአንድ ደሴት ሚኒስትር ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አንድ ቍጥር ነው፤ በጀቱን የሚያዘጋጀው በዚያ ላይ ነውና። ሊቁ ግን «ይህን አድርግ» ከማለት ይልቅ «እንዲህ ብታደርግ ይህ ይሆናል፤ እንዲያ ብታደርግ ያ ይሆናል፤ ይህንንም የምናገረው ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኜ ነው» ይለዋል። የሚወስነው ሕዝቡ የመረጠው ሹም ነው። ሊቁ ቍጥሩን ለሹሙ ደስታ ብሎ ቢያበዛው በጥቂት ዓመት ውስጥ ባሕሩ ይራቈታል። ወቀሳን ፈርቶ ቢያሳንሰው ደግሞ ሊገኝ ይገባ የነበረው ገንዘብ ሳይገኝ ይቀርና ክሊኒኩ መድኃኒት፣ ትምህርት ቤቱም መጽሐፍ ያጣል። ስለዚህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄም ከልክ እንዳለፈ ድፍረት ሁሉ የሚከፈልበት ዋጋ አለው።

የደሴቶቹ መንግሥታት በተሰጣቸው ዕውቀት ምን አደረጉበት ቢባል መልሱ የሚያስደንቅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው በ1979 በሰሎሞን ደሴቶች ዋና ከተማ በሆኒያራ የጋራ የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ። በ1982 ደግሞ ቱና በብዛት የሚገኝባቸው አገሮች በናውሩ ስምምነት ተባበሩ። ዛሬ በዚህ ስምምነት ያሉት ስምንት ናቸው፤ እነርሱም ኪሪባቲ፣ ናውሩ፣ ቱቫሉ፣ ፓላው፣ የማርሻል ደሴቶች፣ የማይክሮኔዥያ ፌዴሬሽን፣ የሰሎሞን ደሴቶችና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ናቸው። በ2007 መጨረሻ ማጥመድን በቀን መሸጥ ጀመሩ። በዓመት ውስጥ በባሕራቸው መርከቦች የሚያጠምዱባቸው ቀኖች ተቈጥረው ይወሰናሉ፤ በአገሮቹ መካከል ይከፋፈላሉ፤ ባለ መርከቡም እያንዳንዱን ቀን ይገዛል። ዓሣውን ሳይሆን ቀኑን መሸጣቸው ብልሃት ነበር፤ በባሕር መካከል የተጠመደውን ዓሣ መደበቅ ይቻላል፤ መርከቡ በባሕሩ ላይ የዋለበትን ቀን ግን ሳተላይት ስለሚያየው መደበቅ አስቸጋሪ ነው። በ2015 የአንድ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ 8,000 ዶላር ደረሰ። በ2010 ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የስምንቱ አገሮች የፈቃድ ገቢም በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ቀኑ ስንት ይሁን የሚለው ውሳኔ ከሊቃውንቱ ስሌት የተለየ አልነበረም፤ የዓሣው ልክ ባይታወቅ ኖሮ ቀኑንም ዋጋውንም በልበ ሙሉነት መወሰን ባልተቻለ ነበር።

በ2021ና በ2024 መካከል የወጡት ምርመራዎች በምዕራብና በመካከለኛው ፓሲፊክ አራቱም የቱና ዓይነቶች ከተወሰነው ልክ በላይ መሆናቸውን አስረድተዋል። ይሁንና ሊቁ የሚያርፍበት ጊዜ አይደለም። ስኪፕጃክ ሞቃቱን ውሃ ተከትሎ የሚሄድ ዓሣ ነው። ኤል ኒኞ በሚባለው የአየር ለውጥ ዓመት ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ ስለሚዘረጋ ዓሣውም ወደ ኪሪባቲ አቅጣጫ ይሄዳል፤ በሌላው ዓመት ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ዓለም በጠቅላላው እየሞቀ ሲሄድ ግን ዓሣው ወደ ምሥራቅ ርቆ ከደሴቶቹ ወሰን ወደ ማንም ወዳልሆነው ባሕር ሊወጣ ይችላል። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት፣ የሙቀት አማቂ ጋዝ ብዛት በከፍተኛ ፍጥነት ከቀጠለ፣ በ2050 በአሥር የደሴት አገሮች ባሕር ውስጥ ያለው ቱና በአማካይ ከመቶ 13 ያህል እንደሚቀንስና ገቢያቸውም በዓመት ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጐድል ገምቷል። ለዚህ ሙቀት የእነዚህ ደሴቶች ድርሻ ከኢምንት የማይቈጠር ነው። ሊቁ እንግዲህ ዓሣ ከመቍጠር ሌላ፣ ዓሣው ሲሸሽ መብቱም አብሮ እንዳይሸሽ ለድርድር የሚሆን ማስረጃ ማዘጋጀት ተጨምሮበታል።

ይህ ሁሉ በሩቅ ባሕር የሚደረግ መስሎ እንዳይታይ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ቅርብ የሆነው የሕንድ ውቅያኖስም ይኸው ጥያቄ እንዳለበት መታወስ አለበት። የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት በሲሼልስ ዋና ከተማ በቪክቶሪያ ይገኛል። ከ2005 እስከ 2007 በዚህ ውቅያኖስ ከ160,000 በላይ ዓሦች ምልክት ተደርጎባቸዋል። በ2015 ባለ ቢጫ ክንፉ ከልክ በላይ ተጠምዷል ተብሎ ስለ ተፈረደ በ2016 የሚያገግምበት ዕቅድ ወጣ፤ በየዓመቱም ማን ይቀንስ በሚለው ላይ ክርክር ሲደረግ ቈይቷል። በዚህ ክርክር ሲሼልስ፣ ማልዲቭስ፣ ኮሞሮስና ማዳጋስካር፣ እንዲሁም ረጅም የባሕር ዳርቻ ያላቸው ሶማልያ፣ ኬንያና ታንዛንያ ሁሉ ባለ ጉዳይ ናቸው። የራሱን ባሕር በራሱ ልጆች የሚያስቈጥር አገር በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚናገረው ይኖረዋል። ያላስቈጠረ ግን ሌላው ቈጥሮ የነገረውን ተቀብሎ ይመለሳል። በባሕር ፋንታ ሐይቅ ላለውም አገር ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ የሐይቅ ዓሣም፣ የደን ዛፍም፣ የከርሰ ምድር ውሃም ሳይታይ የሚያልቅ ሀብት ነውና።

በፓሲፊክ መጀመሪያ ምክር የሰጡት ሊቃውንት አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የተመሰገኑት የደሴቶቹን ልጆች እያስተማሩ፣ መለኪያውንና መዝገቡን፣ ከዚያም ስሌቱን በእጃቸው ያስረከቡት ናቸው። ዛሬ በመርከብ ላይ የሚታዘበው፣ በወደብ የሚለካው፣ በሚኒስቴሩ ውስጥ ሪፖርቱን አንብቦ ለሚኒስትሩ የሚተረጕመው፣ በድርድሩም ላይ የሚከራከረው ብዙ ጊዜ የደሴቱ ተወላጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ንጽጽርንና አማካይን መጀመሪያ የተማሩት በኑሜያ ወይም በሆኒያራ ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ በዛጐል አሸዋ ላይ በተሠራ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ያስተማራቸው መምህር አንድ ቀን ተማሪው ከታላላቅ መንግሥታት ጋር እንደሚከራከርበት ሳያውቅ ክፍልፋይን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስረድቶ ነበር።

እንግዲህ የተከበራችሁ መምህራን፣ ከዚህ ሥራ ወደ ክፍል ይዞ መግባት የሚቻለው ነገር ይህ ነው። ተማሪ መልስ በሰጠ ጊዜ መልሱን ብቻ መቀበል አይበቃም፤ «ይህን በምን አወቅህ? ምን ያህልስ እርግጠኛ ነህ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አላውቅም ያለ ተማሪ አይነቀፍ፤ ወደሚያውቅበት መንገድ ይመራ እንጂ። በማስረጃ መልሱን የለወጠም እንደ ወላዋይ ሳይቈጠር ይመስገን። የትምህርት ቤት ሹማምንትም በበኩላቸው ለሒሳብና ለሳይንስ መምህር አንድ ድስት ባቄላና ጥቂት ቀለም ለማሟላት የሚያወጡት ገንዘብ ብዙ እንዳልሆነ ይገነዘባሉ። ሙከራው በአንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጸማል፤ ተማሪዎቹ ሦስት አራት ጊዜ ዘግነው ግምታቸውን በሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ በመጨረሻም ባቄላው ሁሉ አንድ በአንድ ተቈጥሮ ማን ምን ያህል እንደ ቀረበ ይታይ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ይህ የመጨረሻው ቈጠራ በባሕር ላይ የማይቻል መሆኑን ነግሯቸው፣ ታዲያ የባሕሩ ሊቅ ለሚኒስትሩ ምን ብሎ መናገር እንደሚገባው ይጠይቃቸው።